ከውኃ ታንከር ተንሳፋፊ እስከ ሕዋስ ውስጥ፦ የቁጥጥር ምህንድስና ወባን ለመከላከል ምን ይፈይዳል?

የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የአገራችን ከተሞች፣ ሕዝቡ ‹‹ሮቶ›› እያለ የሚጠራው የፕላስቲክ ታንከር እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ የተለመደ ነው። በታንከሩ ውስጥ፣ ውኃው በሚገባበት በኩል፣ በክንድ ላይ የተሰካች ባዶ ኳስ አለች። ውኃው ሲቀንስ ኳሷ ዝቅ ትልና ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ሲሞላ ከፍ ትልና ትዘጋዋለች። ማንም አጠገቧ ቆሞ አይጠብቃትም፤ ኤሌክትሪክም አያሻትም። ያለውን መጠን ትለካለች፣ ሊኖር ከሚገባው ጋር ታስተያያለች፣ ልዩነቱን ታርማለች፣ ተመልሳም ትለካለች። መሐንዲሶች ‹‹የቁጥጥር ምህንድስና›› የሚሉት የዕውቀት ዘርፍ መነሻው ይህችው ቀላል ዑደት ናት። ዑደቷም ‹‹ግብረ መልስ›› ትባላለች።

ላለፉት 25 ዓመታት ገደማ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዑደት ከብረትና ከፕላስቲክ አውጥተው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ለመገንባት ሲጥሩ ቆይተዋል። ሥራው ‹‹ሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት›› ከሚባለው ዘርፍ ጋር የተጋባ ነው። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ለሚኖር አርሶ አደርና ከተሜ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። ይሁንና ከዘርፉ ውጤቶች አንዱ የወባ ሕሙማን በሚውጡት መድኃኒት ዙሪያ የተሠራ ነው። ሌላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በጎረቤት ጅቡቲ ሰማይ ሥር ተለቅቋል።

ወባ ለዞኑ የቆየ ባላጋራ ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ አቅጣጫ ወርዶ የጨፋን ሜዳ እያረሰረሰ ወደ አዋሽ ያልፋል። ሜዳው ለከብት ግጦሽና ለመስኖ በረከት የሆነውን ያህል፣ ክረምቱ ሲወጣ ለትንኝ መራቢያም ምቹ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ተይዘዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሕይወታቸው አልፏል።

በዚህ ላይ አዲስ እንግዳ ተጨምሯል። ‹‹አኖፌለስ ስቴፈንሲ›› የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ታየች። በዚያው ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ሕሙማን ቁጥር 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ግን 73,535 ደረሰ። በኢትዮጵያ ትንኟ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደ የመስክ ጥናት ከተዳሰሱት ከተሞች መካከል ባቲ አንዷ ነበረች። ጥናቱ ስቴፈንሲ በአካባቢው መንገደኛ ሳትሆን ሥር የሰደደች ነዋሪ መሆኗን አረጋግጧል። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ የሚወጣው አስፋልት ከጅቡቲ መሥመር ጋር የሚገናኝ መሆኑ ሲታሰብ፣ የዞኑ ነዋሪ ጉዳዩን በቅርብ ሊከታተለው ይገባል።

ስቴፈንሲን ከነባሮቹ የወባ ትንኞች የሚለያት መራቢያዋ ነው። ነባሮቹ በአብዛኛው ዝናብ ያቆረውን ኩሬና ረግረግ ሲመርጡ፣ እርሷ ግን በሮቶ፣ በበርሜል፣ በግንባታ ቦታ በሚጠራቀም ውኃ ውስጥ ትፈለፈላለች። ስለዚህ ወባ የገጠርና የክረምት ማግሥት በሽታ ነው የሚለው የቆየ ግንዛቤ በእርሷ ፊት አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ የተነሣው በደረቁ ወራት ነበር። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ባደረጉትና በ2023 በታተመው ጥናት ወረርሽኙን ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ታንከርን በልክ ክዳን መዝጋት፣ በርሜልን በየሳምንቱ አራግፎ ማድረቅ ከሚከተለው ሁሉ ቀድሞ የሚሠራ፣ ማንንም ፈቃድ የማያስጠይቅ መከላከያ ነው።

የጎደለውን የሚያስታውስ መዝገብ

ግብረ መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልዩነትን የሚያጠፋ ነው፤ ሲበዛ ይቀንሳል፣ ሲያንስ ይጨምራል። የታንከሩ ኳስ ከዚህ ወገን ናት። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የገጠመው የፍጥነት መቆጣጠሪያም እንዲሁ። ሁለተኛው ልዩነትን የሚያባብስ ነው፤ ትንሹ ትልቅ፣ ትልቁም የባሰ ትልቅ ይሆናል፤ በደረቅ ሣር ላይ እንደ ወደቀ እሳት። ሁለተኛው ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አንድን ነገር በቁርጥ ለመለኮስ ሲፈለግ የሚመረጠው እርሱ ነው፤ ወደ ኋላ በጅቡቲው ትንኝ ታሪክ እንመለስበታለን።

ልዩነትን በሚያጠፋው ወገን ውስጥ ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ፤ የጽሑፉ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። መስኖ የሚያጠጣ አርሶ አደር እናስብ። ማሳው በጣም ሲደርቅ የቦዩን በር በሰፊው፣ ትንሽ ሲደርቅ በጥቂቱ ይከፍታል። ይህ ‹‹ተመጣጣኝ ቁጥጥር›› ይባላል። አሁን ፍልፈል ቦዩን ሸንቁሮ ውኃ ሳያቋርጥ መፍሰስ ጀመረ እንበል። የሚፈሰውን ለመተካት በሩ ሁልጊዜ ጥቂት ተከፍቶ መቆየት አለበት። በሩ የሚከፈተው ግን ማሳው ሲደርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ ተከፍቶ እንዲቆይ ማሳው ጥቂት ደርቆ መቆየት ይኖርበታል። ተመጣጣኝ ቁጥጥር ጉድለቱን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

መፍትሔው ማስታወስ ነው። የሱቅ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ የዛሬን ብቻ አይጽፍም፤ የትናንቱን፣ የትናንት በስቲያውንም ይደምራል። ትንሽ ዕዳ ብትሆንም ሳትከፈል በሰነበተች ቁጥር ድምሩ ያድጋል፤ ድምሩ ባደገ ቁጥር ነጋዴው የሚያሳድረው ጫና ይበረታል፤ መዝገቡ ማደጉን የሚያቆመውም አዲስ ጉድለት መግባቱ ጨርሶ ሲቆም ብቻ ነው። አርሶ አደሩ የየዕለቱን ድርቀት ደምሮ በድምሩ ልክ በሩን ቢከፍት፣ ፍልፈሉ የፈለገውን ያህል ቢሸነቁርም ማሳው በመጨረሻ የሚፈለገው እርጥበት ላይ ይደርሳል። መሐንዲሶች ይህንን ‹‹ድምር ቁጥጥር›› ሊሉት ይችላሉ። በፋብሪካ፣ በአውሮፕላን፣ በኃይል ማመንጫ ሁሉ የሚሠራበት ነው።

ተፈጥሮ ግን ከመሐንዲሶቹ ቀድማ ደርሳበታለች። ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበው ምስክር የወለደች የወተት ላም ናት። በጤነኛ ላም ደም ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም በአጠቃላይ ቢሰበሰብ 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በወለደች ማግሥት እንገር መስጠት ስትጀምር ግን በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ካልሲየም ከሰውነቷ ሊወጣ ይችላል። በደሟ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ከሰባት እስከ አሥር ጊዜ ተሟጥጦ መተካት አለበት ማለት ነው። አብዛኞቹ ላሞች ይህንን ሳይንገዳገዱ ያልፉታል። በአንገት አካባቢ የሚገኙት ፓራታይሮይድ የሚባሉት ዕጢዎች ጉድለቱን ለክተው ወዲያው ሆርሞን ይለቃሉ፤ ሆርሞኑም ከአጥንት ካልሲየም ያወጣል። ይኸው ሆርሞን ኩላሊትን አዝዞ ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራ መልኩ ያስለውጣል፤ የተለወጠው ቫይታሚን በደም ውስጥ እየተጠራቀመ አንጀት ከመኖ ብዙ ካልሲየም እንዲስብ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሐና አል ሰማድ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ጄሴ ጎፍ እና መሐንዲሱ ሙስጠፋ ኻማሽ ባሳተሙት ጥናት፣ የላሟ አካል ከመሐንዲስ እጅ የወጣ መቆጣጠሪያ የሚመስል ሥራ እንደሚሠራ አሳዩ። የፈጣኑ ሆርሞን ሥራ ተመጣጣኝ ቁጥጥር ነው፤ የሚጠራቀመው ቫይታሚን ደግሞ የዱቤ መዝገቡ ነው። ሁለቱ አብረው ባይሠሩ ካልሲየሙ ወደ ቀድሞ ልኩ ሊመለስ እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጡ። መዝገቡ ግን ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ወተት እንድትሰጥ ተመርጣ የተዳቀለች ላም የምታወጣው ካልሲየም ከመዝገቡ ፍጥነት ሲቀድም ትወድቃለች፤ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ ታጥፋለች፣ መነሣት ያቅታታል። ሐኪሞች ሕመሙን ‹‹ሚልክ ፊቨር›› ይሉታል፤ ትኩሳት ቢባልም የላሟ ገላ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ስሙ አሳሳች ነው። የእንስሳት ሐኪም ካልሲየም በደም ሥር ቀስ አድርጎ ሲሰጣት ብዙ ጊዜ ወዲያው ትነሣለች። ሐኪሙ በዚያች ሰዓት የሚያደርገው፣ መዝገቡ እስኪሞላ ድረስ ከውጭ ማበደር ነው።

ትንሿ ቧንቧ

ዘረ መል አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዝ መመሪያ ነው። ሕዋስ ሁሉንም መመሪያ በአንድ ጊዜ አያነብም፤ የሚያስፈልገውን ይከፍታል፣ የማያስፈልገውን ይዘጋል። ፈረንሳውያኑ ፍራንሷ ዣኮብ እና ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 ባክቴሪያ የወተት ስኳር ሲያገኝ ብቻ የሚከፍተውን ዘረ መል ገልጠው ሲያሳዩ፣ በሕዋስ ውስጥ ቧንቧና መዝጊያ መኖሩ ታወቀ። ሁለቱም በ1965 ኖቤል ተሸለሙ።

መዝጊያ ካለ መሐንዲስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. የ2000 ዓመት ለዘርፉ የልደት ዓመት ሆኖ ይቆጠራል። ጋርድነር፣ ካንተር እና ኮሊንስ እርስ በርስ የሚዘጋጉ ሁለት ዘረ መሎችን በባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ በአንዱ ወገን ጸንቶ የሚቆይ ሥርዓት ሠሩ። ቤችኬይ እና ሴራኖ የራሱን ቧንቧ የሚዘጋ ፕሮቲን ሠርተው፣ ልክ እንደ ታንከሩ ኳስ፣ መዋዠቅን እንደሚቀንስ አሳዩ። ኤሎዊትዝ እና ላይብለር ደግሞ ሦስት ዘረ መሎችን በክብ አያያዙ፤ አንደኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ተመልሶ አንደኛውን ይዘጋል። ባክቴሪያዎቹ በ160 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ እየበሩ እየጠፉ እንደ ሰዓት ይሠሩ ጀመር።

ይህ የመጨረሻው ለምን ተወዛወዘ? መልሱ መዘግየት ነው። ትእዛዝ ከወጣ በኋላ ፕሮቲኑ ተሠርቶ እስኪጠራቀም ጊዜ ይወስዳል። የዘገየ እርማት ደግሞ ሁልጊዜ ያልፋል። የሽንኩርት ገበያን ያየ አርሶ አደር ይህንን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል። ዋጋ ሲወደድ ሁሉም ይተክላል፤ ምርቱ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ዙር ሁሉም ይተዋል፤ ዋጋው እንደገና ይሰቀላል። ማንም አልተሳሳተም፤ ወሬው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

የዱቤ መዝገቡን በሕዋስ ውስጥ መሥራት ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮረንታን ብሪያ፣ አንኪት ጉፕታ እና ያው የላሟ ተመራማሪ ሙስጠፋ ኻማሽ መላውን በወረቀት ላይ አቀረቡ። በ2019 ደግሞ በባዝል የሚገኘው የኻማሽ ቡድን በባክቴሪያ ውስጥ በተግባር ሠራው። መላው በባቲ የሰኞ ገበያ ሊመሰል ይችላል። ፍየል ገዢዎች በየሰዓቱ በእኩል ቁጥር ወደ ገበያው ይገባሉ እንበል። ሻጮችም ይገባሉ። አንድ ገዢ ከአንድ ሻጭ ጋር እንደተስማማ ሁለቱም ገበያውን ለቀው ይወጣሉ። በማንኛውም ሰዓት ገበያው ውስጥ ቆሞ የሚታየው ያልተጣመረው ብቻ ነው፤ ያም ከጠዋት ጀምሮ የገቡት ገዢዎች ከገቡት ሻጮች የበለጡበት ድምር ነው። ማንም ሳይጽፈው መዝገቡ በሜዳው ላይ ቆሟል።

በሕዋሱ ውስጥ ገዢዎቹና ሻጮቹ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን የሚያከሽፉ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። አንደኛው በማይለወጥ መጠን ይመረታል፤ እርሱ የተፈለገው ልክ ነው። ሁለተኛው የሚመረተው ቁጥጥር በሚደረግበት ነገር ብዛት ልክ ነው። ሳይከሽፍ የተረፈው የመጀመሪያው ፕሮቲን ቧንቧውን ይከፍታል። ተመራማሪዎቹ ምርቱን የሚያፈርስ ሌላ ፕሮቲን አስገብተው፣ ማለትም ፍልፈሉን ለቀውበት፣ ሞከሩት፤ ሥርዓቱ ወደ ልኩ ተመለሰ።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሕዋስ ያድጋል፣ ለሁለት ይከፈላል፤ በተከፈለ ቁጥር በውስጡ ያለው መዝገብም ይካፈላልና ትዝታው እየሳሳ ይሄዳል፤ የሚያፈስ ቅል እንደማለት ነው። ከዚህ የከበደ ችግርም አለ። የታንከር ኳስ አትወልድም። ሕያው መቆጣጠሪያ ግን ይራባል፤ ሲራባም ይለወጣል። መቆጣጠሪያውን መሸከም ለሕዋሱ ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ፣ በአጋጣሚ የተበላሸበት ሕዋስ ከባልንጀሮቹ ፈጥኖ ያድጋል፤ ውሎ አድሮም ጋኑን ይወርሰዋል። የቁጥጥር ምህንድስና ከብረት ወደ ሥጋ ሲሸጋገር ያጋጠመው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ ለመፍትሔ የቀረቡት ሐሳቦች ብዙ ቢሆኑም እስካሁን አንዱም ችግሩን ከሥሩ አልነቀለውም።

ከእርሾ ጋን ወደ ወባ መድኃኒት

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለአደገኛው የወባ ዓይነት በመጀመሪያ ደረጃ የምታዘው መድኃኒት ሕዝቡ ‹‹ኮአርተም›› በሚለው ስም የሚያውቀው ነው። በውስጡ ካሉት ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሚገኘው ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ1972 ከጭቁኝ ወገን ከሆነ ተክል ካወጣችው ከአርቴሚሲኒን ነው፤ ለዚህም በ2015 ኖቤል ተሸልማለች። ተክሉ ለመድረስ ወራት ስለሚፈጅ ዋጋው እንደ ሽንኩርቱ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። የካሊፎርኒያው ጄይ ኪስሊንግ እና ባልደረቦቹ የተክሉን ዘረ መሎች ወደ እርሾ አሸጋግረው፣ በ2006 እርሾው የመድኃኒቱን ቅድመ ንጥረ ነገር እንዲጠምቅ አደረጉ። በ2013 በወጣው ውጤት ከአንድ ሊትር ጥማቂ 25 ግራም ተገኘ።

ቁጥጥሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በመንገዱ መካከል የሚፈጠር አንድ ንጥረ ነገር ከመጠን ሲያልፍ ራሱን ጠማቂውን ሕዋስ ይመርዘዋል። እህል በብዛት እንደተገለበጠበት ወፍጮ ነው፤ ይታነቃል። ባለወፍጮ ድምፁን ሰምቶ አፈሳሰሱን ይቀንሳል። የኪስሊንግ ቡድን በ2013 ባሳተመው ሌላ ሥራ፣ ባክቴሪያው በመርዙ ሲጨነቅ ራሱ የሚሰጠውን ምላሽ ፈልጎ አገኘና ከቧንቧው ጋር አያያዘው። ሕዋሱ ሲጨነቅ አምራቹ ዘረ መል ይዘጋል፤ ሲቀለው ይከፈታል። ለመድኃኒቱ መነሻ የሚሆነው ንጥረ ነገር ምርት በተለመደው አሠራር ከሚገኘው እጥፍ ሆነ።

ሳይንሱ ቢሳካም ገበያው ሌላ ነገር ተናገረ። የተክሉ ዋጋ በመውረዱ የእርሾው ምርት ሊወዳደረው አልቻለም፤ ጣሊያን ውስጥ የተቋቋመው ፋብሪካም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። አማራን ጨምሮ በሦስት ክልሎች በተሰበሰበ ናሙና ላይ የተመሠረተና በ2023 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከመላመድ ጋር የተያያዘ ለውጥ በወባ ተሐዋሲው ላይ መገኘቱን አሳውቋል። የታዘዘን ኪኒን ትኩሳቱ በረደ ብሎ በመሐል ማቋረጥ ይህንን ለውጥ የሚያግዝ በመሆኑ፣ ሦስቱን ቀን ጨርሶ መውሰድ ያስፈልጋል።

የጅቡቲዋ ትንኝ

ነፍሳትን በነፍሳት መዋጋት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የገንዲን በሽታ የምታስተላልፈውን ዝንብ ለመቀነስ፣ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር በተደረገ ትብብር በአዲስ አበባ ቃሊቲ ዝንብ ማራቢያ ተቋቁሞ በጨረር የመከኑ ወንዶች በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተለቅቀዋል። የመከነ ወንድ ያገኛት ሴት አትወልድም።

ኦክሲቴክ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በጨረር ፋንታ ዘረ መል ተጠቀመ። ኩባንያው አስቀድሞ በቢጫ ወባ ትንኝ ላይ በሠራው የመጀመሪያ ትውልድ ውስጥ የገባው ዘረ መል፣ የሚያመርተው ፕሮቲን ተመልሶ የራሱን ቧንቧ ይበልጥ የሚከፍት ነበር። ይህ በደረቅ ሣር ላይ የወደቀው እሳት ነው፤ ፕሮቲኑ በራሱ ላይ እየተደራረበ ሕዋሱን እስኪያፍነው ድረስ ይበዛል። እሳቱን የሚያጠፋው ቴትራሳይክሊን የተባለው የታወቀ መድኃኒት ነው። በማራቢያው ጣቢያ እጮቹ መድኃኒቱ ባለበት ውኃ ያድጋሉ፤ ከተለቀቁ በኋላ ግን ልጆቻቸው መድኃኒቱን አያገኙምና ሳይጎለምሱ ይሞታሉ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2024 በጅቡቲ ከተማ አምቡሊ በተባለ ሠፈር የተለቀቁት የስቴፈንሲ ትንኞች ሁሉም ወንዶች ናቸው። ወንድ ትንኝ ሰው አይነክስም። ከዱር ሴቶች ጋር ሲራቡ የሚወለዱት ሴቶች ሳይጎለምሱ ይሞታሉ፤ ወንዶቹ ግን ዘረ መሉን ተሸክመው ለጥቂት ትውልድ ይቀጥላሉ፤ ከዚያም እየሳሳ ይጠፋል። ከዚህ ፈጽሞ የሚለየው ‹‹ዘረ መል ነጂ›› የሚባለው ሌላው መንገድ ነው። በእርሱ የተለወጠው ዘረ መል ከትውልድ ትውልድ በራሱ ኃይል እየተስፋፋ ይሄዳል። በለንደን በ2018 በታተመ ሙከራ በጎጆ ውስጥ የነበሩ የትንኝ መንጋዎች ከ7 እስከ 11 ትውልድ ባለው ጊዜ ውስጥ ጨርሰው ጠፍተዋል። ይህኛው ዓይነት ወደ ሜዳ አልወጣም፤ ወደዚያ የሚያመራውን ጥናት ስታስተናግድ የነበረችው ቡርኪናፋሶም በኦገስት 2025 ሥራው እንዲቆም አዝዛለች። ሁለቱን አደባልቆ መናገር በሕዝብ ውይይት ላይ የሚታይ ስሕተት ነው፤ አንደኛው ማገዶ ካልጨመሩበት የሚጠፋ፣ ሁለተኛው ማገዶውን ራሱ የሚያመጣ እሳት ነው።

በኢትዮጵያ ልውጠ ሕያዋንን ማስገባትም ሆነ መልቀቅ በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 896/2007 የሚመራ ሲሆን፣ የአደጋ ግምገማና ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል። በዚሁ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2018 ትል የሚቋቋም ጥጥ ተፈቅዷል። ጥጥ ግን የተዘራበት ማሳ ይታወቃል፤ ትንኝ የወረዳ ድንበር አታውቅም። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ቀን ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ቢመጣ፣ ከቁጥጥር ምህንድስና የሚገኘው ትምህርት ነዋሪው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ይነግረዋል። የትንኙን ብዛት ማን ይለካል፣ በየስንት ቀኑ? ውጤቱ ለወሳኙ አካል እስኪደርስ ምን ያህል ይዘገያል? ማቆም ቢያስፈልግ በምን ይቆማል?

ራሱን የሚገድበው ዓይነት ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልቀቁ ሲቆም ሥራውም ይቆማል። ያው መልስ ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። መልቀቁ ከቆመ ከአጎራባች ቦታ የሚመጡ ትንኞች ባዶውን ይሞሉታል፤ ስለዚህ ወንዶቹ ትንኞች በየወቅቱ ተራብተው መለቀቅ፣ ለዚያም በየዓመቱ በጀት መያዝ ይኖርበታል። የጅቡቲው ሥራ በመንግሥት፣ በኩባንያውና በአንድ የአገር ውስጥ ማኅበር ትብብር የሚካሄድ ነው፤ ወጪው ከትንኝ መከላከያ አጎበርና ከቤት ውስጥ ርጭት ወጪ ጋር ተነጻጽሮ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን ማወቅ የሚቻለው ከዚያው ከአምቡሊ የሚሰበሰበው ልኬት ሲወጣ ነው።